ከደሴ ወደ ደሴት፦ ተራራው ለምን ከፕሮግራሙ ወጣ?

ደሴ፣ ታኅሣሥ 2018

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት ለክረምቱ የኮሞሮስ ጉዞ የተሻሻለውን ፕሮግራም በቴሌግራም ልከንላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልካችን ዕረፍት አጥቷል። ነገሩ ሁለት ነው። የካርታላን ተራራ መውጣት ሰርዘናል። በጉዞው መጨረሻ ላይ ደግሞ ምንም ያልተጻፈባቸው ሁለት ቀኖች ጨምረናል። ዋጋው ግን ያው ነው። አንድ አባት ደውለው "ተራራውን ወሰዳችሁና ባዶ ቀን ሸጣችሁልን" አሉን። ሳቅን። ግን ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በስልክ ከማስረዳት ብለን ይህን ጻፍን። ረዘም ስለሚል ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

በቅርቡ ለተመዘገባችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ። ኮሞሮስ በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍና በማዳጋስካር መካከል ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናቸው። ንጋዚጃ፣ አንዡዋንና ሞሄሊ በ1975 እ.ኤ.አ. ነጻ የወጣው አገር ናቸው። አራተኛዋ ማዮት በፈረንሳይ ሥር ቀረች። እኛ የምንሄደው ዋና ከተማው ሞሮኒ ወዳለበት ንጋዚጃ ነው። ታላቋ ኮሞር የሚሏትም እሷኑ ነው። "እግረ መንገዳችንን ማዮትንም አሳዩን" ላላችሁን ሁለት ቤተሰቦች መልሳችን አይሆንም ነው። ማዮት ሌላ ቪዛ ትጠይቃለች። በትንንሽ ጀልባ ለመሻገር የሞከሩ ብዙ ሰዎች ደግሞ ባሕር ውስጥ ቀርተዋል።

ደሴቶቹ ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ ወቅታቸው ከእኛ ይገለበጣል። ሐምሌ ላይ ተራራችን ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ እኛ በጭቃ ስንላቁጥ፣ እዚያ ደረቁና ቀዝቃዛው ወቅት ነው። ቀዝቃዛ የሚሉት እነሱ ናቸው እንጂ ቀን ቀን 27 እና 28 ዲግሪ ይደርሳል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው ሐላል ነው ወይ ብሎ መጨነቅ የለም። ለኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ደግሞ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሐምሌ ሳያልቅ እንመለሳለን። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ማታባ የሚሉት ምግብ አለ፤ የካሳቫ ቅጠል በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ በሩዝ ይቀርባል። ዓሣ ጣል የሚያደርጉበት ጊዜ ስላለ አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። ካርታላ 2,361 ሜትር ነው። ደሴ ከተማ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። የካርታላ ጫፍ ከፒያሳችን ዝቅ ይላል ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ያሳሳተንም ይኸው ቁጥር ነው። "የጦሳ ልጆች ነን፣ ይቺ ምን አላት" አልን።

ያላሰብነው መነሻውን ነው። ጦሳን ስንወጣ ከደሴ ከፍታ ነው የምንጀምረው። ካርታላ ግን ከባሕር ጠርዝ ነው የሚነሳው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ደሴ እስኪደረስ ያለው ከፍታ በግምት 650 ሜትር ነው። ያንን ሐረጎ ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ፣ በእግር፣ ግማሹን በወበቅ አስቡት። መኪና ከሥሩ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ የቀረው የጉልበት ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ የምትጠጡት ምንጭ የለም።

አራት ቤተሰብ ይዘን ነበር የወጣነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የማንም አይደለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳን። እስከ ረፋዱ ድረስ ልጆቹ እኛን እየቀደሙ ይጠብቁን ነበር። ቀትር ሳይደርስ የያዝነው ውሃ ከግማሽ በታች ወረደ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ" አለ። አባቱ ሊያዝለው ሞከረ። መሪያችን የአገሩ ሰው ነው። ሰማዩን አየ፣ ልጁን አየ፣ "እንመለስ" አለ። እኛ ደግሞ ከደሴ ድረስ መጥተን አልን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርነው። በዚያ መሐል ጉሙ ወረደ።

የደሴ ሰው ጉም አይፈራም። ግን እዚህ ጉም ውስጥ አጥር አለ፣ ቤት አለ፣ የባጃጅ ጥሩምባ አለ። እዚያ ሁሉም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የመጣችሁበትና የምትሄዱበት አይለይም። በዚያ ላይ "ሐሩር አገር ነው፣ ጃኬት ምን ያደርግላችኋል" ብለን ጃኬታቸውን ያስቀረን እኛው ነን። የደሴ ሰው በሐሩር ደሴት ላይ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ያየነው የዚያን ቀን ነው። ከሥሩ ስንደርስ መሽቶ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ጫፉንም ማንም አላየም።

ስለዚህ ካርታላ ለልጆች አይሆንም። ጫፉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ስፋቱ ሦስት በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማየት የሚገባ ነገር ነው፤ ይህን አንክድም። ግን ድንኳን ይዞ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ በቂ ውሃ አሸክሞ ለሚወጣ ጎልማሳ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለብቻው እናዘጋጃለን። የፈለጋችሁ ቢሮ መጥታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።

ባዶ ስላላችኋቸው ሁለት ቀኖችም እንናገር።

ኅዳር 14 እሑድ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማግስቱን ከኮምቦልቻ አንዲት ደንበኛችን ደውለው "ከዚህ እሳት ወደዚያ እሳት ልትወስዱን ነው? አልሸሸም ዞር አለ አይሆንም?" አሉን። እውነታቸውን ነው። ካርታላ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የቀለጠው ድንጋይ ወርዶ ሲንጋኒ የምትባለውን መንደር ቤቶች በልቷል። ከ2005 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ አራት ጊዜ ፈንድቷል። ሰዎቹ ከሥሩ ይኖራሉ፣ ይድራሉ፣ ይነግዳሉ። ተራራውንም በመሣሪያ የሚከታተል ጣቢያ አላቸው። እኛን የሚያሳስበን የሚፈሰው እሳት አይደለም። እሱ ከላይ ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜም ሰው ይቀድመዋል። የሚያሳስበን አመዱ ነው።

አመድ ሲባል የምድጃ አመድ አይምሰላችሁ። የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። ጄት ሞተር ውስጥ ሲገባ ከሙቀቱ የተነሳ ይቀልጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲያልፍ መልሶ ይጠጥርና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ አየር ያጥረዋል፣ ሊጠፋም ይችላል። ስለዚህ አመድ ባለበት ሰማይ አውሮፕላን አይገባም። የሃይሊ ጉቢ አመድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። ከሥሩ አፍዴራን አለበሳት፣ ግጦሹንም አበላሸ። የላዩ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሕንድ ገባ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። አስቡት፤ ከእኛ ጎረቤት የተነሳ አመድ ሕንድ ያለውን ሰው ከኤርፖርት መለሰ። የሞሮኒው ኤርፖርት ደግሞ ሃሃያ ላይ ነው ያለው። ካርታላ ካለበት ከዚያችው ደሴት ላይ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ፕሮግራማችን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የተጠቀጠቀ ነበር። ምንም አልገጠመንም፤ ዕድል ነው። ቢገጥመን ኖሮ ማደሪያ የሌላቸው አራት ቤተሰቦች፣ ፈቃዳቸው ያለቀ ሠራተኞች ይዘን ኤርፖርት ወለል ላይ ነበርን። ሁለቱ ቀኖች ለዚህ ናቸው። አልጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። አመድ ካልመጣ ደግሞ የእናንተ ናቸው።

የት እንደምታሳልፏቸውም አስበንበታል። የመጨረሻዎቹን አዳሮች ወደ ሰሜን አውጥተናል፣ ለኤርፖርቱ እንዲቀርቡ። በነገራችን ላይ ለልጆች የደሴቲቱ ምርጥ ቦታ ይሄኛው ይመስለናል። ሚትሳሚዩሊ አካባቢ ነጭ አሸዋ አለ። ከኮራል የተፈጨ ስለሆነ ነው የነጣው። ጥቂት ራመድ ስትሉ ደግሞ የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ሲሊፐር አይበቃም። ልጆቻችሁ ድንጋዩን አይተው "ይሄማ የእኛ አገር ድንጋይ ነው" ቢሉ አትሳቁባቸው። የወሎ ተራሮችም የቀለጠ ድንጋይ ደጋግሞ ፈስሶ የሠራቸው ናቸው። የእኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖት አርጅቶ አፈር ለብሷል፣ ጤፍ ያበቅላል። የእነሱ ገና ሕፃን ነው።

እዚያው ሰሜን ላይ ጨዋማ ሐይቅ አለ። አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። የአገሩ ሰዎች ስለ አፈጣጠሩ የሚያወሩት ተረት አለ። አንድ አዋቂ እንግዳ መንደሩ መጥቶ ውሃ ቢለምን ከለከሉት፤ ረገማቸውና መንደሩ ሰጠመ። ባለፈው ዓመት መሪያችን ይህን ሲነግረን አንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ "የእኛም እንደዚህ ነው!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በድላ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ። ያ ቦታ ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይባላል። መሪያችን ተረቱን ሁለት ጊዜ አስደገማት። እኛ ከፕሮግራሙ ላይ የጻፍነው "የሐይቅ ጉብኝት፣ 1 ሰዓት" ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን።

ሞሮኒ ስንሆን ሙዚየሙን እናያለን። ልጆችን የሚስበው እዚያ ያለው ዓሣ ነው። ሳይንቲስቶች ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ብለውት ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ አንድ ተያዘ፣ ሁለተኛው በ1952 እ.ኤ.አ. ከኮሞሮስ ባሕር ወጣ። ሊቃውንቱ ሲላከንት ይሉታል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ግን ጎምበሳ ብለው ዱሮም ያውቁታል። ጣዕሙን አይወዱትም።

ውሃን በተመለከተ ሳናስጠነቅቃችሁ አናልፍም። ንጋዚጃ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ድንጋዩ እንደ ወንፊት ነው፤ ዝናቡ ወርዶ ይሰርጋል። ብዙ ቤቶች የጣሪያ ውሃ አጠራቅመው ነው የሚኖሩት። በ2005 እ.ኤ.አ. የካርታላ አመድ የተጠራቀመውን ውሃ አበላሽቶ ብዙ ሰው ተቸግሯል። ባለፈው ዓመት ባረፍንበት ቤት ሮቶው ሁለት ቀን ደርቆብን በጀሪካን ታጥበናል። ደሴ ላይ ውሃ በተራ የሚመጣበትን ሰፈር የምታውቁ አትደነግጡም። የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ እኛ እናቀርባለን። ሻወር ግን አጠር አድርጉት።

ወባም አለ። የደሴ ሰው ብዙ አያውቀውም፣ የባቲ ሰው ያውቀዋል። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ያላችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። ባሕር ዳር አለባበሱ ጨዋ ይሁን፤ ወሎ ላይ ሰው የሚያከብረውን እዚያም ያከብራሉ። እናመሰግናለን ለማለት "ማራሃባ" ነው የሚሉት። ይቺን ቃል አፋችሁ አይስታትም።

ዋጋው ለምን አልቀነሰም? የተራራው መሪና የሸክም ክፍያ ከሁለት አዳር ወጪ በጣም ያንሳል። ልዩነቱን የያዝነው እኛ ነን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ እስከ ክረምት አንድ ዋጋ ይዘን መቆየት ይከብደናል። እስከ የካቲት መጨረሻ ግማሹን ለከፈለ ቤተሰብ ግን አንነካውም። ተራራው ስለቀረ ጉዞውን የማትፈልጉ ካላችሁ፣ እስከ ጥር 30 ቀብድ ያለ ምንም ተቆራጭ ይመለሳል። ቅር አይለንም።

ጥር 16 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሯችን ቡና አለ። ባለፈው ዓመት አብረውን የሄዱት ቤተሰቦች ይመጣሉ። ያ "እዚሁ እጠብቃችኋለሁ" ያለው ልጅም ይመጣል፤ ዘንድሮም ተመዝግቧል። የእሱን ወገን ታሪክ ከራሱ ስሙ።

ጃኬቱን ዘንድሮ ያዙት። ወደ ኮምቦልቻ ኤርፖርት የምንወርደው በሐምሌ ጠዋት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ድርጅታችሁ
ደሴ፣ ፒያሳ