አባባ፣ ለልጆቹ ዳኛ ይሁኑልኝ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬዳዋም እንደሚያውቋት ናት፤ ቀን ትዝላለች፣ ማታ ትነቃለች።

ዛሬ የምጽፍልዎት አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። የሳይንስ ክበባችን ልጆች በሚያዝያ ለሚደረገው የፈጠራ ሥራ ውድድር እየተዘጋጁ ነው። ሥራቸው መልካም ነው። የሚያሳስበኝ ዳኛው ጠረጴዛቸው ፊት ቆሞ መጠየቅ ሲጀምር የሚሆነው ነው። ልጆቻችን በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትን እንደ ጨዋነት ተምረው ያደጉ ናቸው። ሲናገሩም የሸመደዱትን ነው፤ ዳኛው መሐል ላይ ካቋረጣቸው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጀምራሉ። ስለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ማስጠናትን በክበባችን አስቀርቻለሁ። አንዱ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላዋ ሶማሊኛ ስለሚናገሩ፣ ሥራቸውን መጀመሪያ በቤታቸው ቋንቋ ለእናቶቻቸው ያስረዳሉ። እናት የገባት ነገር ለዳኛ በአማርኛ ለመናገር አይከብድም።

አንዱ ልጅ ለደቻቱ ወንዝ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሠርቷል። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ማብሪያውን ይገፋል፤ ደወሉ ይጮኻል። የ1998ቱን ጎርፍ ስላዩ ይህ ሥራ ለምን ልቤን እንደነካው ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። «የት ትተክለዋለህ?» አልኩት። «ድልድዩ ሥር» አለኝ። «ዝናቡ የሚጥለውስ የት ነው?» ስለው ዝም አለ። ከተማው ደረቅ ሆኖ ሳለ ጎርፉ ከደንገጎ በኩል፣ ከደጋው እንደሚወርድ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ድልድዩ ሥር የሚጮኽ ደወል ሰው ለማሸሽ ጊዜ አይሰጥም። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ከቀናት በኋላ ካርታ ይዞ መጣ። መለኪያው ላይኛው ተፋሰስ፣ ደወሉ ከተማ ውስጥ መሆን እንዳለበት ራሱ ደርሶበታል። አሁን የቸገረው መልእክቱ ያን ያህል መንገድ በምን እንደሚደርስ ነው። መፍትሔ ባያገኝ እንኳ ችግሩን ለዳኛው እንዳለ እንዲናገር ነግሬዋለሁ። ከደወሉ ይልቅ ዳኛውን የሚያቆመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላዋ የድሬዳዋን ውሃ ይዛለች። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል፤ ውሃው ሲፈላ የሚለየው ኖራ ነው። ያልፈላና ፈልቶ የጠለለ ውሃ እኩል ሳሙና ሲገባበት የቱ የበለጠ አረፋ እንደሚያወጣ ትለካለች። ካሰበችው ውጭ የሆነውን ገጽ ከደብተሯ ልትቀድ ስትል ከለከልኳት። ዳኛው «ስንት ጊዜ ደገምሽው? ሁሌ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጠሽ?» ቢላት የሚያድናት ያ ገጽ ነው።

ከባልደረቦቼ ጋር ግን አልተግባባንም። እነሱ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ባማረ ፖስተር ላይ ማዋል ይፈልጋሉ። በአሜሪካ በየዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሳይንስና ምህንድስና ዐውደ ርዕይ ከ100 ነጥብ ለፖስተሩ የሚሰጠው 10 ነው፤ ከዳኛ ጋር ለሚደረገው ንግግር ግን 25 ይሰጣል። የእኛ ውድድር በዚያ ልክ ባይመዝንም፣ ልጁ ሥራው የራሱ መሆኑ የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው።

እርስዎን የፈለግሁት ለዚህ ነው። እኔን ለምደውኛል፤ መልሱን ከፊቴ ያነባሉ። የማያውቁት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ እንዲጠይቃቸው እፈልጋለሁ። በምድር ባቡሩ ጋራዥ ለማጆችን ሲጠይቁ አስታውሳለሁ፤ ቁልፉን ከእጃቸው ሳይቀሙ፣ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። እንደዚያው ያድርጉልኝ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ የቱን ራሳቸው እንደሠሩ፣ ማን እንደረዳቸው ይጠይቋቸው። የረዳን ሰው መጥራት ነውር እንዳልሆነ ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጅ «አላውቅም» ሲልዎት አይቆጡ። በጋራዡ ይህን መልስ እንደማይወዱ አውቃለሁ። እዚህ ግን «አላውቅም፣ ለማወቅ እንዲህ አደርጋለሁ» ማለትን እያስተማርኳቸው ነው፤ አንድ ቁጣ ሁሉንም ያፈርስብኛል።

ሙቀቱ ሳይከፋ በየካቲት ቢመጡ ደስ ይለኛል። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ራሴ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። የደቻቱ ልጅም ይጠብቅዎታል። በአሮጌው ባቡር ዘመን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መልእክት እንዴት ይተላለፍ እንደነበር ሊጠይቅዎት ጥያቄዎቹን ከወዲሁ ጽፎ አዘጋጅቷል።

ልጅዎ፣
ከድሬዳዋ