መጣያውን ከማጠራችሁ በፊት

ይድረስ በጎጃም ከተሞች የጽዳትና ውበት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣

ከቆሻሻ መጣያ ለቅመው የሚያድሩ ቤተሰቦችን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በታየ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይነሣል፦ ቦታው ይታጠር፣ ሰዎቹም ይውጡ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲታጠር ለቀማው ወደ ሌሊት ይዞራል። በጨለማ ሹፌሩ ኋላውን አያይም፣ ለቃሚዋም መርፌውን ከሽቦ አትለይም።

ትልቁ አደጋ ያለው መኪናው በሚገለብጥበት ሰዓት ነው። ሃይላንዱም መዳቡም ቀድሞ ለደረሰ ስለሆነ፣ ካሶኒው ገና ሲነሣ እናቶችና ልጆች ከሥሩ ይገባሉ፤ ዶዘሩም በዚያው ሰዓት ከኋላ ይገፋል። በክረምት የተለቀመው ደግሞ ቁራሌው ዘንድ ሲደርስ “ጭቃ አለው” ተብሎ ከሚዛኑ ይቀነሳል።

የምንጠይቀው አጥር ሳይሆን የመለያ ሜዳ ነው። ከክምሩ ራቅ ብሎ መሬቱ ይደልደል፣ ገረጋንቲ ለብሶ ይጠቅጠቅ፣ ውኃው ወደ ቦይ እንዲወርድ በጥቂቱ ያዘንብል። መኪናው እዚያ ይገልብጥ፤ ካሶኒው ወርዶ መኪናው እስኪወጣ ድረስ ማንም የሜዳውን ዳር መስመር አይለፍ። ቆሻሻው ከጉልበት በታች ሆኖ ይሰራጭ፣ ሰዎቹ ይልቀሙ፣ የቀረውን ሎደሩ ወደ ክምሩ ይውሰድ። ሜዳው ግን ሁለት ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ሹፌሮቹ ይሰለቹና እንደ ድሮው ክምሩ ላይ ይገለብጣሉ።

ከሜዳው ጎን የቆርቆሮ ጣራና ሁሉም የሚያየው ሚዛን ይኑር። ሃይላንድ ክዳኑ ተፈቶ ሲጨፈለቅ አንዱ ማዳበሪያ እጅግ ብዙ ይይዛል። ክዳኑና ጠርሙሱ የተለያየ ፕላስቲክ ስለሆኑ ለየብቻ ይቀመጡ፤ ተደባልቀው ሲሸጡ ዋጋ ያጣሉ። የለቃሚነት መታወቂያም ለማኅበር መሪ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ይሰጥ፤ አለዚያ ድሃዋ ለመሪው የቦታ ኪራይ ትከፍላለች።

ክምሩን በተመለከተ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው ቆሻሻ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አንድ ሜትር ወደ ላይ ሲቆለል ጎኑ ቢያንስ ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ይንጋደድ፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በቦይ ይቀልበስ። ከግርጌው ማንም ቤት አይሥራ።

መርፌ ከከተማ ቆሻሻ ጋር ፈጽሞ አይጫን። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን (ሴፍቲ ቦክስ) ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግና እዚያው ጤና ተቋሙ ማቃጠያ ውስጥ ይግባ። ለቃሚዎቹም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይከተቡ፦ ሁለተኛው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ። የመጀመሪያውን ብቻ ተወግቶ መቅረት አይጠቅምም፤ ስለዚህ የጤና ባለሙያው እነሱን ከመጠበቅ ይልቅ ሜዳው ድረስ ይምጣ።

አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ቆሻሻ ከቤት ጀምሮ እንዲለይ አዝዞ ነበር። ነዋሪው እርጥቡንና ደረቁን በሁለት ማዳበሪያ ለይቶ ሲያወጣ ጋሪው ወይም መኪናው መልሶ ከቀላቀለው፣ በሳምንቱ መለየቱን ይተዋል። ጥፋቱም የነዋሪው አይደለም።

የሜዳው ሥራ ከሰኔ በፊት ይለቅ። መሬቱ ከራሰ በኋላ ገረጋንቲው ይሰምጣል እንጂ አይጠቀጠቅም።

ከአክብሮት ጋር