ስለ ሪቬራ ስም ለአባቴ የጻፍኩት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ታደሰ፤
ደሴ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነኝ። የዱባይ ሙቀት በረድ ማለት ጀምሯል፤ ሥራም እንደ ወትሮው ነው። በስልክ ላገባው ስላሰብኩት ስለ ራሞን ሪቬራ የጠየቁኝን ነገር በጥድፊያ ልመልሰው ብል የሚበላሽ ስለ መሰለኝ፣ ተረጋግቼ መጻፉን መረጥኩ። «ሪቬራ የእስፓኞች ስም አይደለም እንዴ? እስፓኛ ከሆነ ፊሊፒናዊ ነኝ የሚለው ለምንድን ነው? ለመሆኑ ዘሩ የማን ነው?» ነበር ያሉኝ። ዕድሜ ልኩን ታሪክ ሲያስተምር የኖረ አባት ይህን መጠየቁ አያስደንቅም። መልሱ ግን ከደም ይልቅ ከመንግሥት ቢሮ የሚገኝ ነውና ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ፤ ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

እስፓኞች በ1565 በሌጋዝፒ መሪነት ሴቡ ደሴት ላይ ሰፍረው እስከ 1898 ድረስ ፊሊፒንስን ገዝተዋል። እኛ ዘንድ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በእነ ፔድሮ ፓኤዝ ስብከት የገባውን የካቶሊክ ሃይማኖት ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በሩን እንደ ዘጉበት እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፤ እዚያ ግን በሩን የሚዘጋ ንጉሥ አልተገኘም። እስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የደሴቶቹ ሰዎች በአብዛኛው አንድ ስም ብቻ ነበራቸው። ሲጠመቁ የቅዱሳንን ስም ተቀበሉ፤ ሁለተኛ ስም ያስፈለገው ደግሞ ለጆሮው ደስ ያለውን የሃይማኖት ስም እያነሣ ዴ ላ ክሩዝ፣ ዴ ሎስ ሳንቶስ፣ ባውቲስታ፣ ዴል ሮሳሪዮ ተባለ። አባትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት የተለያየ ስም መያዛቸው፣ ባንጻሩ ደግሞ ምንም ዝምድና የሌላቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ማንንም አያስጨንቅም ነበር፤ ከግብር ሰብሳቢው በቀር።

የግብር ሰብሳቢውን ጭንቀት ያቃለሉት ናርሲሶ ክላቬሪያ የተባሉት ጠቅላይ ገዥ ናቸው። በኅዳር ወር 1849፣ በእኛ 1842 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የሚያዝ ድንጋጌ አወጡ። (እኚህ ሰው ሥርዓት ወዳድ ነበሩ፤ የደሴቶቹ ቀን ከጎረቤቶቻቸው በአንድ ቀን ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን አይተው ታኅሣሥ 31 ቀን 1844 ከቀን መቁጠሪያው እንዲሰረዝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ስለ አሥራ ሦስት ወራችን ከፈረንጅ ጋር የሚሟገቱት አባቴ ይህችን ይወዷታል ብዬ ነው።) ለድንጋጌው ማስፈጸሚያ ወደ ስድሳ ሺሕ የሚጠጉ ስሞች በፊደል ተራ የተደረደሩበት መዝገብ ታተመ። ስሞቹም ከእስፓኝ የቤተሰብ ስሞች ብቻ የተለቀሙ አልነበሩም፤ የዕፀዋት፣ የእንስሳት፣ የማዕድናት፣ የቦታዎችና የሙያ ስሞች፣ እንዲሁም ከአገሬው ቋንቋዎች የተወሰዱ ቃላት ገብተውባቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከመዝገቡ የተወሰኑ ገጾች ለየአውራጃው ይላካሉ፤ አውራጃው ለየከተማው ያከፋፍላል፤ በየከተማው ደግሞ እኛ ጭቃ ሹም የምንለው ዓይነት ሰው በሥሩ ያሉትን ቤተሰቦች ይዞ ይቀርባል፤ ከዚያም አባትየው ወይም ከቤቱ በዕድሜ የገፋው ሰው ከተላከው ገጽ አንድ ስም ይመርጣል ወይም ይሰጠዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱና ከአብራኩ የሚወጡ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራሉ። ለአራት ትውልድ የያዙትን ስም ማስረዳት የቻሉ እንዲያስቀሩት ተፈቅዶላቸዋል። ከግብር ነጻ የነበሩ እንደ ላካንዱላ ያሉ የጥንት ባላባቶችን ስም ግን ተወላጃቸው ያልሆነ ሰው እንዳይነካው ተከለከለ። እርስዎን የሚመለከት አንቀጽም አለበት፤ የትምህርት ቤት መምህራን የልጆቹን ስም ከነቤተሰብ ስማቸው በመዝገብ ይዘው፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በመዝገቡ ከሰፈረው ስም ውጭ እንዳይጠራሩ እንዲቆጣጠሩ፣ ቸል ያለ መምህርም እንዲቀጣ ያዛል። እርስዎ ክፍል ውስጥ «ቁንዲሌ» እና «ዶሮ» እየተባባሉ ያደጉት ልጆች ትዝ አሉኝና ለብቻዬ ሳቅሁ።

ገጾቹ ለየከተማው ሲታደሉ የፊደል ተራቸውን እንደ ጠበቁ ስለ ነበር፣ በአንዳንድ አካባቢ የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምር ስም ይዞ ቀረ። የራሞን አያት የተወለዱበት የአልባይ ግዛት፣ የማዮን እሳተ ገሞራ ያለበት የቢኮል ምድር፣ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው፤ ፊደሉ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው፣ ከአልባይ ወደ ሶርሶጎን እየተሻገረ እስከ ካታንድዋኔስ ደሴት ተዘርግቷል። ኦአስ የተባለችው የአያቱ ከተማ የደረሳት በእኛ ፊደል «ረ» የምንለው ነው። እነሱ በፈረንጆች ኅዳር መባቻ ላይ ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን አላቸው፤ ዘመድ ሁሉ መቃብር አጽድቶ፣ ሻማ አብርቶ፣ ምግብ ይዞ እዚያው ያመሻል። ባለፈው ዓመት የራሞን እናት ስልካቸውን ከፍ አድርገው በመቃብሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ አሳዩኝ። በኖራ የተቀቡት መቃብሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ በሻማው ብርሃን የማነበው ስም ሁሉ በዚያው ፊደል ይጀምራል። «እነዚህ ሁሉ ዘመዶቻችሁ ናቸው?» ብላቸው እናትየው ሳቁና «ጎረቤቶቻችን ናቸው» አሉኝ። ሪቬራ የተባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ምንም የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በድንጋጌው ጊዜ በተለያዩ ከተሞች ይኖሩ የነበሩ የአንድ እናት ልጆችም ስማቸው ተለያይቶ ቀርቷል።

ታዲያ የእስፓኝ ደም ጨርሶ የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ስሙ እንደሚያስመስለው አይደለም። አገሩ ለእስፓኝ እጅግ ሩቅ ነበር፤ እስከ 1821 ድረስ የሚተዳደረው በሜክሲኮ በኩል ሲሆን፣ ሰዉም ዕቃውም የሚመጣው በማኒላና በአካፑልኮ መካከል በሚመላለሱት መርከቦች ነበር። ከማኒላ ወጣ ብሎ በሚገኝ ከተማ ነዋሪው የሚያየው እስፓኛ ብዙ ጊዜ አንድ መነኩሴ ብቻ ነበር፤ የእስፓኝኛ ቋንቋም ከጥቂት የተማሩ ቤተሰቦች አልፎ ሕዝቡ ውስጥ ያልዘለቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት ጥናት ከ115 የአገሬው ማኅበረሰቦች የተውጣጡ 1,028 ሰዎችን ዘረ መል መርምረው፣ ወደ ደሴቶቹ በሃምሳ ሺሕ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አምስት ታላላቅ ፍልሰቶች መካሄዳቸውን አሳይተዋል፤ የአውሮፓ ደም የተገኘው ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ፣ ይልቁንም በከተሜዎች፣ በቢኮል ሰዎችና ከእስፓኝኛ የተወለደውን የቻቫካኖ ቋንቋ በሚናገሩት ዘንድ ነው። ስለዚህ ራሞን ቢመረመር ጥቂት ይገኝበት ይሆናል፤ የቢኮል ሰው ነውና። የተገኘ እንደ ሆነ ግን ከየትም ይምጣ፣ ሪቬራ ከሚለው ስም ጋር አብሮ አልመጣም።

ከውጭ ሰው ጋር የተደረገውን እውነተኛ መደባለቅ የፈለገ ሰው የቻይናን በኩል ይይ። ከፉጂያን የባሕር ዳርቻ የሚመጡ ነጋዴዎች የአገሬውን ሴቶች እያገቡ ሰፍረዋል፤ በእስፓኞች ዘመን «ሜስቲሶ» ሲባል በአብዛኛው የእነዚህ ልጆች ማለት ነበር፤ ግብራቸውም ከአገሬው ሰው እጥፍ ነበር። ብሔራዊ ጀግናቸው ሆሴ ሪዛል እንኳ የቅድመ አያቱ አባት ዶሚንጎ ላምኮ የተባሉ ቻይናዊ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውም ሜርካዶ፣ ገበያ እንደ ማለት ነው፣ የሚል የእስፓኝ ስም ያዙ። ሪዛል የሚለው ከ1849ኙ ድንጋጌ በኋላ የተጨመረ ሲሆን፣ ሆሴ በ1872 ማኒላ ትምህርት ቤት ሲገባ ቤተሰቡ በዚያ ስም እንዲመዘገብ አደረጉ፤ ሜርካዶ የሚባለው ታላቅ ወንድሙ በዚያው ዓመት ከተገደሉት ከካህኑ ቡርጎስ ጋር ቅርበት ስለ ነበረው በመንግሥት ዓይን ተጠርጥሮ ነበርና። እንግዲህ እስፓኞች በ1896 የረሸኑት ሰው የእስፓኝ ስም የያዘ፣ የቻይና ዘር ያለበት ፊሊፒናዊ ነው። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖም ቢሆኑ የአባታቸው ቤተሰብ ኮኹዋንግኮ ይባላል፤ በ1988 ቻይናን ሲጎበኙ ቅድመ አያታቸው የወጡበትን የፉጂያን መንደር ሄደው አይተዋል። በተራራማው ኮርዲሊዬራና እስላሞቹ በሚኖሩበት በደቡብ ግን እስፓኞች በቅጡ ስላልገዙ፣ ሰዉ ብዙውን ጊዜ የራሱን ስም እንደ ያዘ ነው።

ፊሊፒናውያኑ ራሳቸው ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራሉ ማለቴ አይደለም። «ቅድመ አያቴ እስፓኛ ነበሩ» የሚል ሰው እዚህ በየምግብ ጠረጴዛው ይገኛል፤ ነጣ ያለ ቆዳና ሰልካካ አፍንጫ ያለው የፊልም ተዋናይ ያለ ችሎታውም ይሞገሳል፤ የቆዳ ማንጫ ሳሙና በየመደርደሪያው ሞልቷል። እኛም ሴት ስናጭ «ቀይ ናት ጥቁር?» የምንል ሰዎች ስለ ሆንን በዚህ ብዙ ለመፍረድ አፌን አይሞላኝም። ራሞን ግን ከዚህ ጋር የለበትም። እንግዳ መቀበያው ላይ ሲሠራ ሙሉ ስሙ ደረቱ ላይ ስለ ተለጠፈ፣ ከማድሪድ የሚመጡ እንግዶች ገና ሲያዩት በእስፓኝኛ ያወርዱበታል፤ እሱም ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ «ስሙ የእናንተ ነው፤ እኔ ግን የአልባይ ሰው ነኝ» ይላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ደንግጠው ይቅርታ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ምን እንዳጠፉ አልገባውም ነበር።

ሰባት ቤት ስለ መቁጠሩ እንነጋገር። እኔ የእርስዎን እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፤ ልጅ ሆኜ አስቆጥረውኛልና። ራሞን ከቅድመ አያቱ በላይ መሄድ ያቅተዋል። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የኖረ የቤተሰብ ስም ይዞ የአባቶቹን ስም አያውቅም፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም ሳይኖረን አባቶቻችንን በስም እንጠራለን። እኛንም መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሕጉ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም አለው ብሎ ደንግጎብን ነበር፤ ነገር ግን ከወረቀት አላለፈም፤ ክላቬሪያ የነበራቸው ጭቃ ሹምና ስም ተቆጣጣሪ መምህር ስላልታከለበት ይመስለኛል። ራሞን ከእኛ ጋር የደም ዝምድና እንደማይኖረው ግን ያለ ቆጠራም ይስማሙልኛል ብዬ አምናለሁ። እነሱ ዝምድናን በእናትም በአባትም እኩል ስለሚቆጥሩ፣ እናቱ በየቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀት መዝገብ የሚያገኙትን ሁሉ ጽፈው እንደሚልኩልዎ ነግረውኛል።

የእኔ ስም ይቀየር እንደ ሆነም እማማ በጎን እንደ ጠየቀችኝ ይወቁ። አይቀየርም። የአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደ ወሰነው፣ ያገባች ሴት የባሏን ስም መያዝ ትችላለች እንጂ አትገደድም፤ እዚህ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው «ሚስ ታደሰ» ስለሚለኝ ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት፤ ያንን የመተው ሐሳብ የለኝም። የልጅ ስም ግን አልወሰንንም። በእነሱ ልማድ የእናት ቤተሰብ ስም መካከል ላይ ገብቶ የአባት ቤተሰብ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እንግዲህ አንድ ቀን ልጅ ብንወልድ እገሌ ታደሰ ሪቬራ ይባላል ማለት ነው። በእኛ ወግ ከሄድን ደግሞ እገሌ ራሞን ይሆንና ሪቬራም ታደሰም ይቀራሉ። ራሞን የመጀመሪያውን መርጧል፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ፤ ነገር ግን ለሽምግልና ሲመጣ ጉዳዩን ከእርስዎ ጋር ይጨርሰዋል ብያለሁና እስከዚያ አስበው ይጠብቁን። የሰባቱን አባቶች ስምም ለእናቱ መልሼ እንድልክላቸው በእጅዎ ጽፈው ከእኅቴ ጋር ይላኩልኝ፤ እኔ በቃሌ ብይዘውም አጻጻፉን እንዳላሳስት ብዬ ነው።

ለእማማና ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ልጅዎ
ምሕረት ታደሰ
ዱባይ