ስፋ እንጂ በትዕዛዝ አትስፋ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። ሐኪሙ ተራመድ ስላለው ማታ ማታ እስከ ሐይቁ ዳር ሄዶ ይመለሳል። ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን ገና ስጀምር «እማዬ ስብሰባ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አክስትህ ደውላልኝ ነበር። መቼም ታውቃታለህ፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ነው ወደ ነገሩ የምትገባው። «ልጅሽን አንድ ነገር ይዞታል» አለችኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ እሑድ ቤትህ ብትመጣ ወስፌ ይዘህ ነው በሩን የከፈትክላት። ወለሉ የስፌት ሣር፣ አክርማ በአክርማ፣ ባልዲው ውስጥ የተዘፈዘፈ አለላ፣ ያ ቀለም የተነከረው ስንደዶ፣ ወንበሩ ላይ የተጀመረ ሙዳይ። «ወንድ ልጅ፣ ያውም የባንክ ሠራተኛ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ስፌት!» ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እኔማ ሳቄ መጣ። ሌላው በሱስ ሲያዝ አንተ በስፌት ሣር፣ በስንደዶ ተያዝክ፤ ታዲያ ምን ይሁን? ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረገችው ነገር ነው። የመሥሪያ ቤትህ ልጅ ለሠርጓ አምስት ሙዳይ አዛሃለች አሉ። አንተም እሺ ብለሃል። ቀብድ ተቀብለሃል። ሌሊት ሌሊትም እየሰፋህ ነው።

ልጄ፣ ስፋ። በትዕዛዝ ግን አትስፋ።

«ወንድ አይሰፋም» ያለችህን እርሳው። እኛ ሰዎች የእጅ ሥራን እንንቃለን፤ የተሠራውን ግን አንተውም። የሸማኔውን ጋቢ ለብሰን፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት ወጥ ሠርተን፣ ዞር ብለን ስም እናወጣላቸዋለን። አጼ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እዚህ ጣና ዳር ከሐይቁ ቄጠማ፣ ከደንገል፣ ታንኳውን የሚሠሩት ወይጦዎች አይደሉም? ሰው በታንኳቸው ዓሣ ሲያጠምድና እንጨት ሲያጓጉዝ ኖሮ ምን ሲላቸው እንደኖረ አንተም ሰምተህ አድገሃል። ስለዚህ በዚህ አትፈር። አክስትህን ግን ደውልላት፤ ቡና ሳትጠጣ ነው የወጣችው አሉ።

አያትህ ዘጌ ቡናው ጥላ ስር ተቀምጣ ስትሰፋ አልደረስክባትም። አንተ ስትወለድ ትታው ነበር። እኔ ግን ስሯ ሆኜ አይቻታለሁ። አክርማውን በጣቶቿ ጠቅልላ ከቁልፍ የማትበልጥ ክብ ታበጅና ከዚያ ትነሳለች። ስንደዶውን በከንፈሯ ይዛ ታርሰዋለች። ወስፌዋን ስትወጋ ጥስ የምትል ድምፅ አለች፤ ቀዳዳው ሳይዘጋ ስንደዶውን አሹልካ ጠበቅ ታደርገዋለች። ዙሩ ካላማራት ያለምንም ሐዘን ትፈታዋለች። በቀይ ጀምራ መሃል ላይ ሐምራዊ ካሰኛት ሐምራዊ ታስገባለች። ለማን ነው ብለን ስንጠይቃት «ይለቅ እንጂ ባለቤቱ ይመጣል» ትል ነበር። እውነትም ይመጣል፤ አንዷ ትዳራለች፣ አንዷ ትወልዳለች፣ ትሰጣታለች።

ኋላ አንድ ነጋዴ መጣ። ገዳማቱን ለማየት በጀልባ ለሚመጡት ቱሪስቶች የሚሸጥ ትንንሽ ሙዳይ ፈለገ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት፣ በደርዘን። አልዋሽህም፣ ብሩ ጠቅሞናል። እኔ ደብተርና ጫማ የገዛሁት በእሱ ነው። አያትህ ግን መፍታት አቆመች፤ የሚፈታበት ጊዜ የላትማ! ሐምራዊም ቀረ። ነጋዴው ሐምራዊ አይሸጥም ብሏል። እንዲያ እንዲያ ስትል ዓመታት ሄዱና ሰውዬው አንድ ጊዜ ሄዶ ቀረ። እኛም ጎሽ፣ አሁን ለራስሽ ስፊ አልናት። «ለማን ብዬ?» አለችን። ይቺ ሴት እኮ ለማን ብላ ጠይቃ የማታውቅ ነበረች። ወስፌዋ ጣራው ስር እንደተሰካ ቀረ።

እሷ ችግር ነበረባት፤ አትፈረድም። አንተ ደሞዝ አለህ። ገበያ ወጥተው መሶብና ሙዳይ ደርድረው የሚውሉት እናቶች ልጅ የሚያሳድጉት በዚያው ነው። ትዕዛዙን ለእነሱ ተውላቸው። አንተ እየተበላሸብህ፣ እየፈታህ፣ እየሳቅክ ስፋ።

ይህን ለአባትህ ሳነብለት የኖርዌዩን ሰው ታሪክ ጀመረልኝ። ደንገል ከተነሳ መቼ ዝም ይላል። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ሰው በ1961 ዓ.ም. ከእኛው ጣና የተቆረጠ ደንገል ግብፅ አስወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ባለ እጆች ፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የምትባል ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሲል ጀልባዋ ብዙ ተጉዛ ተበታተነችበት። በዓመቱ ሌላ አሠርቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። አባትህ ይህን የሚያወራው ደንገላችንን ለማድነቅ ነው። እኔ ግን ማን አዘዘው አልኩት። ማንም! ደንገል ባሕር ያሻግራል ወይ የሚለውን ማየት አምሮት ነው። በኋላ መጽሐፍም ፊልምም ወጣለት አለኝ ቀበል አድርጎ። እሱ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ስማኝ። ስንደዶውን ባልዲ ውስጥ አታሳድረው፤ ይሻግትብሃል። ለመተጣጠፍ ያህል አርሰውና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው። አለላውን በረንዳ ላይ ፀሐይ አታስመታው፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሙዳዩ ሳይደርቅ አትክደነው። ወስፌውን ወለል ላይ ጥለህ አትተኛ፤ ሌሊት ለውሃ ስትነሳ ትረግጠዋለህ። ደግሞ ጎንበስ ብለህ አትዋል። የአባትህን ወገብ ነው የወረስከው።

የፈለግከውን ደንገል አባትህ ያመጣልሃል። መጀመሪያ ይደርቃል፤ እርጥቡን ብልከው መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ስንደዶው ካለፈው መስከረም የተለቀመ ነው፤ ጎረቤታችን ናት የሰጠችኝ፣ ደውለህ አመስግናት። መንገዱ ደህና ሲሆን በአውቶቡስ እልከዋለሁ፤ መናኸሪያ ሄደህ ራስህ ተቀበል፣ ሰው አትላክ። ጆንያውን ገልብጠህ እንዳታራግፈው፤ በርበሬውና የዘጌው ቡና ከታች ነው ያለው።

ስለ ሙሽራይቱ አስቤበታለሁ። ቃል ነውና ባዶ እጅህን አትቅረብ። አንዱን ሙዳይ በፈለግከው ቀለም ስፋና በስጦታ ስጣት። አራቱን መርካቶ ወርዳ ትግዛ፤ ከፈለገች አብረሃት ሂድና ጥሩውን ምረጥላት፤ ዓይን አለህ። ሌላ ሰው ሲጠይቅህም መልስህ ያው ይሁን። በትዕዛዝ አልሰፋም በል። ሐፍረትህን ዋጥ አድርገህ በል።

ቀብዱን እስከ ዓርብ መልስላት። መልሰህ ደውልልኝ።

እናትህ
ባሕር ዳር