ብቻቸውን የሚያድሩ እናት አባቶቻችንን በር እናንኳኳ

ደሴ ተወልዳችሁ አሁን አዲስ አበባም ሁኑ ዓረብ አገር፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን ብቻቸውን የሚያድሩ አረጋውያን በዝተዋል። ልጆቻቸው ለእንጀራ ወጥተዋል። በ2014ቱ ጦርነት ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ያጡም አሉ። እናንተ ገንዘብ ትልካላችሁ፣ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ማታ በሩ መዘጋቱን የሚያይ ሰው ግን በሐዋላ አይላክም።

ለዚህ ነው ቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈራችን እድር፣ ከቀበሌው የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ጋር የቤት ለቤት ጉብኝት የጀመረው። ፖሊሱ፣ አንድ የቅሬ ሰውና አንድ የሰፈር ወጣት አብረው ይዞራሉ። ፖሊስ ብቻውን ቢሄድ አይሆንም። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በር ላይ ሲያዩ እማማ መጀመሪያ የሚሉት «ማን ታሰረብኝ?» ነው። የቅሬ ሰው አብሮ ካለ «ግቡ፣ ቡና ደርሷል» ይባላል። አቦሉ ላይ «ደህና ነን፣ ምንም የለም» ይላሉ። በረካው ላይ ሁሉም ይወጣል።

የሚወጣው ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዷ እናት «ከባንክ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ ሰው የሚስጥር ቁጥራቸውን ነገሩት። ልጃቸው የላከችላቸውን ሙልጭ አድርጎ ወሰደ። ለፖሊስ ግን አላመለከቱም፤ «ልጄ ከሰማች ጃጅታለች ትለኛለች» ብለው ፈሩ። አንድ አባት ደግሞ ያልተነበበላቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አትመዋል። ለካስ የቤታቸው ውክልና ኖሯል። ያስፈረማቸውም ባዳ አይደለም፣ የሥጋ ዘመድ ነው። የቤት ገመና ሆኖባቸው ዝም ብለው ከረሙ።

ፖሊሱ በየቤቱ የሚናገረው አጭር ነው። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ «የባንክ ሠራተኛ ነኝ» ላለም ቢሆን። ያልተነበበ ወረቀት ላይ አይፈረምም። ውክልና የሰጠ ሰውም መልሶ መሻር ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ራሴ እዚያው ነው የሰማሁት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። ጥሩ ነው። የደሴ ክረምት ግን አቅም እስኪፈቅድ አይጠብቅም።

የጎደለን ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ፣ የጣቢያውና የቅሬው ቁጥር አስቀድሞ ተሞልቶበት። ፊሽካ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው በጨለማ ስልክ ከሚፈልግ ፊሽካ ቢነፋ ሮንዶች ይሰሙታል። ጠንካራ የበር መቀርቀሪያ። ዳገቱ ላይ ላለው ደረጃ በፀሐይ የሚሠራ መብራት። ለወጣቶቹ ባትሪና የዝናብ ልብስ። ሰኞ ገበያ ወጥተው የመመለሻው መንገድ ለሚጠፋባቸው ደግሞ ስምና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ። ገንዘብ የሌለው ጋቢ ያምጣ። እሱም የሌለው ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቶ አብሮን ይዙር።

አንድ ነገር ከአሁኑ ግልጽ ይሁን። ለፖሊስ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለም፣ እነሱም አልጠየቁም። መዋጮው በቅሬው ሒሳብ ይገባል፣ ዕቃ በሦስት ሰው ፊርማ ይገዛል፣ ደረሰኙ በወሩ ስብሰባ ላይ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አባል ይነበባል። የተረፈ ካለ ለመብራቱ ጥገና ይቀመጣል።

ብቻቸውን የሚኖሩ ወላጆች ያሏችሁ ስማቸውን ለቅሬው ዳኛ (ለመሪው) አስመዝግቡልን። «አላስቸግርም» ይሏችኋል፤ እናንተ አስመዝግቡ።

ገንዘብ የምትሰጡ ራሳችሁ ወደ ቅሬው ገንዘብ ያዥ ደውሉ። ካልሆነም ቤተሰባችሁ የወር መዋጮ ሲከፍል የእናንተን ጨምሮ ይክፈል። እኛ ለማንም ደውለን ገንዘብ አንጠይቅም። «ለደሴ አረጋውያን ነው» ብሎ የሚደውል ካለ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት፣ ቁጥሩንም ለጣቢያው አሳውቁ።