የጂኦግራፊ ክበብ፦ አሸዋው ወዴት ሄደ?

አውሮፕላን የሌለው ክበብ የአየር ላይ የሌዘር ቅኝት (ከአውሮፕላን በሌዘር የመሬትን ከፍታ መለካት) ምን ሊያደርግለት ነው ያሉን ጥቂት አልነበሩም። አውሮፕላኑን ሌሎች አብርረውታል፤ መረጃውንም ማንም እንዲማርበት በነጻ ለቀውታል። እኛ የዘንድሮ ሥራችን ያደረግነው ሃሪኬን ሳንዲ የተባለው ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ከመምታቱ በፊትና በኋላ የተለካውን የባሕር ዳርቻ ከፍታ ማነጻጸር ነው።

ምርጫው፣ ደንብ ማጽደቁና ሳምንታዊ ስብሰባው እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። አባላቱ የሌዘር ብርሃን ከአውሮፕላን ወርዶ መሬት ነክቶ እስኪመለስ ከሚፈጀው ጊዜ ተነሥተው ርቀት ማስላትን ተምረዋል። ከዚያም ከአዲሱ ከፍታ የቀድሞውን ቀንሰው የተሸረሸረውን በቀይ፣ የተከመረውን በሰማያዊ ቀለም አወጡ።

ከሁሉም ልቤን የነካው የፋየር ደሴት ካርታ የተከፈተበት ከሰዓት ነው። ይህች በኒው ዮርክ ግዛት ያለች ረጅምና ጠባብ ደሴት በሳንዲ ተሰንጥቃ አዲስ የውኃ መግቢያ ተከፍቶባታል። በውቅያኖሱ በኩል ያለው የአሸዋ ጉብታ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲወጣ ሁሉም ስለ ጥፋቱ ያወራ ጀመር። በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። ከጉብታው ጀርባ የተዘረጉትን ሰማያዊ ምላሶች በጣቷ እየተከተለች፣ «መምህር፣ ይህ አሸዋ እኮ አልጠፋም፤ ማዕበሉ አሻግሮ እዚህ ጥሎታል» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ታዲያ ቀዩና ሰማያዊው ለምን እኩል አይሆኑም?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ይህ ነው፦ ብዙው አሸዋ ባሕር ውስጥ ገብቷል፤ ለዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ ሌዘር ደግሞ ውኃ ዘልቆ አያይም፤ ለዚያ አረንጓዴ ሌዘር ያስፈልጋል። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚጨነቁበትን ጥያቄ ማንም ሳይነግራት ደርሳበታለች። እንዲህ ያለች ልጅ ያፈራ ክበብ «ምን ይሠራል?» ሊባል አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በሃሪኬን ካትሪና አብዛኛውን ስፋታቸውን ያጡትን፣ በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ጠረፍ ያሉትን የሻንደሉር ደሴቶች ለማጥናት የያዝነው ዕቅድ አልተሳካም። ፋይሎቹ ግዙፍ ናቸው፤ ያሉን ኮምፒውተሮች አንዱን እንኳ ሳይከፍቱ የስብሰባው ሰዓት ያልቃል። ለኳስና ለመረብ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፤ ይያዝም። ለእኛ ግን በቂ ሜሞሪ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ይበቃናል። የወላጆች ኮሚቴ አባላት ከመወሰናቸው በፊት ወደ ክበቡ ክፍል ብቅ ይበሉ፤ ካርታውን የምታስረዳቸው ያቺው ተማሪ ናት።