ከጥይቱ በኋላ ያለው አንድ ወርስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁሉ ነገር የአንዲት ጥይት ጣጣ ነው ትላላችሁ። የልጄ ደብተር ላይም ያው ነው፤ መንስኤ፦ የአልጋ ወራሹ መገደል። አለቀ። ማርኩም ሙሉ ነው።

እስቲ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንቁጠረው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድና ባለቤቱ ቦስኒያ ውስጥ ሳራዬቮ ላይ የተገደሉት ሰኔ 21 ቀን 1906 ነው። ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሐምሌ 21። ድፍን አንድ ወር! ጥይት እንዲህ ቀስ ብሎ አይሄድም።

ታዲያ በዚያ ወር ምን ተሠራ? ኦስትሪያ ጀርመንን አማከረች። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዊልሄልምም «የፈለግሽውን አድርጊ፣ አለሁልሽ» ዓይነት መልስ ሰጥቶ በመርከብ ወደ ኖርዌይ ሽርሽር ሄደ። ሐምሌ 16 ኦስትሪያ ግድያውን በሰርቢያ አሳባ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት፤ ሰርቢያም የተጠየቀችውን አብዛኛውን ተቀበለች። ካይዘሩ ተመልሶ ሐምሌ 21 ጠዋት መልሷን ሲያነብ፣ ከእንግዲህ ለጦርነት ምክንያት የለም ብሎ ጻፈ። በዚያው ዕለት ጦርነቱ ታወጀ። ይታያችሁ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የባቡሩ ነገር ነው። የጀርመን ጄኔራሎች ዕቅድ አስቀድሞ በቤልጅየም በኩል ዞሮ ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ገደማ መጨረስ፣ ከዚያ ሠራዊቱን በባቡር ወደ ሩሲያ ማዞር ነበር፤ ስለዚህ ሩሲያ ለሰርቢያ ወግና ሐምሌ 23 ክተት ስትል የእነሱ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፣ ዲፕሎማት ቢለምን ቢማጸን የሚሰማው ጠፋ። ሐምሌ 25 ካይዘሩ ኢታማዦር ሹሙን ሞልትኬን ጠርቶ ጦሩን ወደ ሩሲያ ብቻ እናዙረው ቢለው፣ አይቻልም፣ ዕቅዱ ይበላሻል አለው። ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ፕሮግራም ተሸነፈ በሉት። በሦስተኛው ቀን ቤልጅየም ተወረረች፤ እንግሊዝም ገባችበት።

ስድስት ሳምንት የተባለው አራት ዓመት ፈጀ። በ1907 እንቁጣጣሽ ሰሞን ፈረንሳይ ውስጥ ማርን ወንዝ አካባቢ ጀርመኖች ተገትተው አፈገፈጉ። ከዚያ ከስዊዘርላንድ ድንበር እስከ ባሕር ምሽግ ቆፍሮ መተያየት ሆነ። እዚያው ፈረንሳይ ሶም ላይ ሰኔ 24 ቀን 1908 በአንድ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ወገን ወደ 57,000 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። የሞቱት 19,000 ይሆናሉ። በ1909 አሜሪካ ገባች፤ ሩሲያ በአብዮት ተናጠች፣ በዓመቱ ከጦርነቱ ወጣች። ተኩሱ የቆመው ህዳር 2 ቀን 1911 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፋችሁ «ጦርነቱ ሀገራችንን አልነካም» ይላል። በጥይት ከሆነ እሺ። ግን በወታደር መርከብና ባቡር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በዚያው ህዳር አዲስ አበባን አልጨረሳትም እንዴ? ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ህዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ አቃጥለን በጭስ የምንታፈነው ለምን ሆነና! ህዳር ሲታጠን የሚጽፍ ሰው ካላችሁ ይሄንንም ያንሳልን።

የልጄን ደብተር አርሜዋለሁ። ማርክ ይቀነስብኛል ብሎ አኩርፏል።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ